ከራዲዮ ወደ ምርጫ ሳጥን፦ የሬኔ ሌቬክ ሕይወት

በካናዳዋ ሞንትሪያል ከተማ መሐል የሚያልፍ አንድ ሰፊ ጎዳና አለ። ሬኔ ሌቬክ ይባላል። ስሙ የንጉሥም የጄኔራልም አይደለም። የራዲዮና የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ የነበረ፣ በ37 ዓመቱ ማይክሮፎኑን አስቀምጦ ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት የተወዳደረ፣ በኋላም የኩቤክ ክፍለ ሀገር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ወደ ዘጠኝ ዓመት ያህል ያስተዳደረ ሰው ስም ነው። ካናዳ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ጠቅላይ ሚኒስትር አለው፤ እኛ አገር ክልልና ርዕሰ መስተዳድር እንደምንለው መሆኑ ነው። (ዓመታቱን የምንጽፈው፣ ዓ.ም. ብለን ካልጠቀስን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይህን ሰው ለምን መረጥነው? በመርጡለ ማርያም፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ የምንኖር ሙስሊሞች ጥቂት ሆኖ መኖር ምን እንደሆነ እናውቃለን። ገበያው አንድ ነው፣ ወፍጮ ቤቱ አንድ ነው፣ ሐዘኑም ሠርጉም የጋራ ነው፤ ስለ ከተማው ሲወሰን ግን ድምፃችን የሚሰማበት ጊዜ አለ፣ የማይሰማበትም ጊዜ አለ። የሌቬክ ሕዝብ በካናዳ ጥቂት፣ በኩቤክ ግን ብዙ ነበር። ጥቂት ሆኖ የተገፋ ሕዝብ በራሱ ቤት ብዙ ሲሆን ከእርሱ ያነሱትን እንዴት ይይዛል? የዚህ ሰው ሕይወት ጥያቄውን ከሁለቱም ወገን ያሳያል። ዛሬ ኩቤክ ውስጥ ያሉ ሙስሊሞች ታሪክም ከእርሱ መንግሥት ጋር የተሳሰረ ነው፤ ወደዚያ እንደርሳለን።

ሌቬክ የተወለደው ኦገስት 24 ቀን 1922 ነው። ያደገው ጋስፔ በተባለው ባሕረ ገብ መሬት፣ ባሕር ዳር በምትገኘው ኒው ካርላይል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ ሆስፒታል ስላልነበራት እናቱ የወለደችው ከሰላጤው ማዶ ወደ ጎረቤት ክፍለ ሀገር ተሻግራ ነው። ኩቤክ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ናት፤ ኒው ካርላይል ውስጥ ግን የበላይ የነበሩት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። አባቱ ጠበቃ ስለነበር ቤተሰቡ የተቸገረ አልነበረም። ቢሆንም ልጁ የትኛው ቋንቋ የአለቃ፣ የትኛው የሠራተኛ እንደሆነ እያየ አደገ። ከሰፈሩ ልጆች ጋር እየተጫወተም እየተጣላም እንግሊዝኛውን አጥርቶ ያዘ። ይህ እንግሊዝኛ በኋላ እንጀራው ሆነ።

አባቱ የሞተው እርሱ የ14 ዓመት ልጅ እያለ ነው። በዚያው ዘመን ግድም ትምህርት በተዘጋ ጊዜ በከተማዋ በነበረች ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ሥራ አገኘ። በእንግሊዝኛ የሚመጣውን ዜና ወደ ፈረንሳይኛ መልሶ ያነብ ነበር። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግ ማጥናት ቢጀምርም ሳይመረቅ ወጣ። ልቡ ራዲዮው ላይ ቀርቷል።

በ1944 የአሜሪካ የጦርነት መረጃ ቢሮ ቀጥሮት ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ሁለቱን ቋንቋ እኩል የሚናገር ሰው ይፈለግ ነበር። ከአሜሪካ ጦር ጋር ፈረንሳይንና ጀርመንን አቋርጦ፣ በ1945 ዳካው የተባለው የናዚዎች የእስረኞች ካምፕ ነፃ ሲወጣ ቀድመው ከደረሱት ጋዜጠኞች መካከል ነበር። እዚያ ያየው ነገር ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። በሕዝብ ስም የሚነዛ ጥላቻን ይፈራ ነበር፤ ራሱ የብሔርተኛ ፓርቲ መሪ በሆነበት ዘመን እንኳ።

ከጦርነቱ በኋላ የካናዳ መንግሥታዊ ማሠራጫ በሆነው በራዲዮ ካናዳ ተቀጠረ። በ1951 ከኮሪያ ጦር ሜዳ ዘገበ፤ በዚያው ዓመት የእኛ ቃኘው ሻለቃም ዘምቶበታል። በ1955 የካናዳውን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሌስተር ፒርሰንን ተከትሎ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደና የኒኪታ ክሩስቾቭን ድምፅ ቀርጾ ተመለሰ።

ሕዝቡ በደንብ ያወቀው ግን በቴሌቪዥን ነው። ከ1956 እስከ 1959 ፖይን ደ ሚር የሚባል ሳምንታዊ ፕሮግራም ነበረው። ዕቃው አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ ካርታና ማመልከቻ ዘንግ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ጸጉሩ የሳሳ፣ ድምፁ ሻካራ፣ ሲጋራ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። ይህ ሰው ለቴሌቪዥን አይሆንም ቢባል የሚገርም አልነበረም። ነገር ግን ሰዉ ቁጭ ብሎ ይሰማው ነበር። ተመልካቹን አያውቅም ብሎ አይንቀውም፤ ያውቃል ብሎም አይዘለውም። ክፍል ውስጥ ቆመን ያስተማርን ሰዎች ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። 60 ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ከኋላ ያለው ሳይጠፋ፣ ከፊት ያለው ሳይሰለች ማስረዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሌቬክ ይህን ሙያ ነበረው፤ በፖለቲካ ውስጥም ከሌሎቹ የለየው ይኸው ይመስለናል።

ፕሮግራሙ በጀመረበት ሰሞን ዓለም የሚነጋገረው ስለ ስዊዝ ቦይ ነበር። ገማል አብዱናስር ቦዩን የግብፅ ንብረት ካደረገ በኋላ እስራኤል፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ግብፅን ወረሩ። ሌቬክ ካርታውን ዘርግቶ ነገሩን ለኩቤክ ሠራተኛና ገበሬ አስረዳ። የአልጄሪያን የነፃነት ጦርነትም አቀረበ። ፈረንሳይን እንደ እናት አገር ለሚያይ ሕዝብ ፈረንሳይ ስለምትዋጋው ጦርነት መናገር ቀላል ነገር አልነበረም። ከባሕር ማዶ ያለ ሕዝብ የራሴን ዕጣ ራሴ ልወስን ሲል ሲያብራራ የኖረ ሰው፣ ቀስ በቀስ ስለ ራሱ ሰፈር ማሰብ መጀመሩ አይቀርም።

ከስቱዲዮ ያወጣው የሥራ ማቆም አድማ ነው። ዲሴምበር 29 ቀን 1958 በሞንትሪያል የራዲዮ ካናዳ የፈረንሳይኛ ቴሌቪዥን ፕሮዲውሰሮች ማኅበር የማቋቋም መብት ጠይቀው ሥራ አቆሙ። ሌቬክ ፕሮዲውሰር አልነበረም። ሆኖም ከእነርሱ ጎን ቆመ፣ በየስብሰባው ተናገረ፣ በአንድ ሰልፍ ላይም ፖሊስ ያዘው። አድማው እስከ ማርች 7 ቀን 1959 ቆየ። ከሁለት ወር በላይ የአንድ ሕዝብ የቴሌቪዥን ሥርጭት ሲናጋ በኦታዋ ያለው ፌዴራል መንግሥት እንደ ትልቅ ጉዳይ አልቆጠረውም። የቆመው የእንግሊዝኛው ሥርጭት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሳያድር ይፈታ እንደነበር ሌቬክ አመነ። ከዚያ ወዲያ የኩቤክን ጉዳይ የሚያየው እንደ ዘጋቢ አልሆነም። ፖይን ደ ሚርም በዚያው ዓመት ቆመ።

ኩቤክ ከ1944 ጀምሮ በሞሪስ ዱፕሌሲ ፓርቲ እጅ ነበረች። መንገድና ድልድይ በተለይ ለመረጠ አካባቢ ይሠራል፣ ሥራና ውል በትውውቅ ይሰጣል። እኛ አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ዱፕሌሲ በ1959 ሞተ፤ በቀጣዩ ዓመት ምርጫ የሊበራሉ መሪ ዣን ሌሳዥ ታዋቂውን ጋዜጠኛ በዕጩነት አቀረበው። ሌቬክ በሞንትሪያል ሎሪየ በተባለው የምርጫ ክልል ተወዳደረ። በዚያው ክልል ሬኔ ሌቬክ የሚባል ሌላ ዕጩ መመዝገቡ ደግሞ የሚገርም ነው፤ መራጩን ለማደናገር የተደረገ ነበር። ጁን 22 ቀን 1960 ጋዜጠኛው ሌቬክ በ129 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። እነዚያ 129 ሰዎች ባይኖሩ የኩቤክ ታሪክ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር።

ወዲያው ሚኒስትር ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ የተፈጥሮ ሀብት ሚኒስቴርን ያዘ። በዚያን ጊዜ የኩቤክን ወንዞች ኃይል በብዛት የያዙት የግል ኩባንያዎች ነበሩ። የአንዱ ወረዳ ዋጋ ከሌላው ጋር አይገናኝም፤ ገጠር ያለው ደግሞ ለባሰ አገልግሎት ይበልጥ ይከፍላል። የኩባንያዎቹ አለቆች እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ናቸው። በፌብሩዋሪ 1962 ሌቬክ እነዚህ ኩባንያዎች ወደ መንግሥት መዞር አለባቸው ብሎ በአደባባይ ተናገረ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሳያስፈቅድ። ሌሳዥ ተቆጣ። ክርክሩ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ሌሳዥ ተስማማና ለዚሁ ጉዳይ ምርጫ ተጠራ። ሌቬክ ሰሌዳውንና ሠንጠረዡን ይዞ ከከተማ ከተማ እየዞረ ኪሎዋት ምን እንደሆነ፣ ዋጋው ለምን እንደሚለያይ አስረዳ። በኖቬምበር 14 ቀን 1962 ምርጫ ሊበራሎች አሸነፉ። በሜይ 1963 ሃይድሮ ኩቤክ 11 የግል ኩባንያዎችን ወደ 604 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ጠቀለለ። ንብረቱ የተገዛ እንጂ የተነጠቀ አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ገንዘቡ ግማሽ ያህሉ ከኒውዮርክ በብድር ተገኘ።

ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ለምንኖር ሰዎች ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። የወንዝ ኃይል የማን ነው፣ መብራቱስ መጀመሪያ የሚበራው ለማን ነው የሚለው ጥያቄ የእኛም ነው።

ሊበራሎች በ1966 ከሥልጣን ወረዱ። ሌቬክ ኩቤክ የራሷን አገር መሥርታ ከካናዳ ጋር በኢኮኖሚ ብቻ ትተሳሰር የሚል ሐሳብ አቀረበ። በኦክቶበር 1967 በፓርቲው ጉባኤ ሐሳቡ ተቀባይነት እንደማያገኝ ሲያውቅ አዳራሹን ጥሎ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ፓርቲ ኬቤኳ ተመሠረተ።

ቀጥሎ የመጣው ጊዜ መራራ ነው። በ1970 ምርጫ ፓርቲው 23 በመቶ ድምፅ አግኝቶ 7 መቀመጫ ብቻ ደረሰው፤ ሌቬክ ራሱም ተሸነፈ። በ1973 ድምፁ ወደ 30 በመቶ አደገ፣ መቀመጫው ግን ወደ 6 ወረደ፤ ሌቬክ ዳግመኛ ተሸነፈ። ለኑሮው በጋዜጣ ዓምድ ይጽፍ ነበር። በመካከሉ፣ በኦክቶበር 1970፣ ነፃነትን በጠመንጃ እናመጣለን የሚሉ ጥቂት ወጣቶች የእንግሊዝን ዲፕሎማትና የኩቤክን ሚኒስትር ፒየር ላፖርትን አገቱ፤ ላፖርት ተገደለ። እርሱም ከጋዜጠኝነት ወደ ፖለቲካ የገባ፣ ከሌቬክ ጋር በአንድ ካቢኔ የሠራ ሰው ነበር። ፌዴራሉ መንግሥት ጦር አስገባ፤ ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ክስ ታሰሩ። ሌቬክ ግድያውንም የጅምላ እስሩንም አወገዘ። ከሁለት ወገን የሚወረወር ድንጋይ መሐል ቆሞ፣ ከምርጫ ሳጥን ሌላ መንገድ የለም ማለቱን ቀጠለ። እንደኛ እምነት፣ የዚህ ሰው ትልቁ ሰዓት ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነበት ሳይሆን ይኸኛው ነው።

ኖቬምበር 15 ቀን 1976 ፓርቲው ከ110 መቀመጫ 71ዱን አሸነፈ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ራሱ የሚኮራበት የፓርቲ ገንዘብ ሕግ ነበር። በ1977 የወጣው ይህ ሕግ ኩባንያም ሆነ የሠራተኛ ማኅበር ለፓርቲ ገንዘብ እንዳይሰጥ ከለከለ። መስጠት የሚችለው መራጭ የሆነ ግለሰብ ብቻ ነበር፤ እርሱም በዓመት ከ3,000 ዶላር አይበልጥም ነበር፤ ከፍ ያለ መዋጮ ያደረገ ሰው ስሙ ለሕዝብ ይገለጥ ነበር። የዱፕሌሲን ዘመን በጋዜጠኛ ዓይን ያየ ሰው ነውና፣ ነጋዴ ለፓርቲ የሚሰጠው ገንዘብ በኋላ በውልና በፈቃድ መልክ እንደሚመለስ ያውቃል። በየወረዳው ስለ ጉቦ ሲነሣ ሁሉም ሰው ስለ ትንሹ ጸሐፊ ያወራል፤ ሌቬክ ከላይ ጀመረ።

በዚያው ቀን፣ ኦገስት 26 ቀን 1977፣ ታዋቂው የቋንቋ ሕግም ጸደቀ። ሕግ 101 ይባላል። ፈረንሳይኛን የሥራ፣ የንግድና የትምህርት ቋንቋ አደረገ፤ የስደተኛ ልጆችም በፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት እንዲማሩ አዘዘ። የሕጉ አባት ሚኒስትሩ ካሚል ሎራን ነው። ሌቬክ ራሱ ደስተኛ አልነበረም፤ አንድ ሕዝብ ቋንቋውን በሕግ አጥር መጠበቁ የሚያሳፍር ነገር ሆኖ ይታየው ነበር፣ የአናሳዎቹን የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መብት ጉዳይም ያሳስበው ነበር። ግን ፈረመ። ያደገባት ኒው ካርላይል ምን ትምሰል እንደነበር አልረሳም።

በፌብሩዋሪ መጀመሪያ 1977 በሌሊት መኪና ሲነዳ አስፋልት ላይ የተኛ ቤት አልባ ሰው ገጭቶ መግደሉንም ማለፍ አይገባም። በነፍስ አልተከሰሰም፤ መነጽሩን ሳያደርግ በመንዳቱ ግን ተቀጣ። ጋዜጦቹ ጉዳዩን ለረጅም ጊዜ አልተዉትም።

በ1978 ሌላ ነገር ሆነ፤ ለእኛ አንባቢዎች ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው። ኩቤክ ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ተዋውላ ስደተኞቿን በራሷ የመምረጥ ሥልጣን አገኘች። መምረጫው ላይ ፈረንሳይኛ ማወቅ ከባድ ሚዛን ነበረው። ፈረንሳይኛ ከሚነገርባቸው አገሮች መካከል ደግሞ ሞሮኮ፣ አልጄሪያ፣ ቱኒዚያና ሊባኖስ አሉ። በሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ መምህሩ ከእነዚህ አገሮች ወደ ሞንትሪያል ገባ። የኩቤክን መስጂዶች ከሞሉት ብዙዎቹ በዚህ በር የመጡ ናቸው። ልጆቻቸውም በሕግ 101 መሠረት በፈረንሳይኛ ተምረው አደጉ።

ሜይ 20 ቀን 1980 ኩቤክ ሕዝበ ውሳኔ አደረገች። መንግሥቱ ስለ ሉዓላዊነት ከካናዳ ጋር እንዲደራደር ሥልጣን ይሰጠው ወይ የሚል ጥያቄ ነበር። ከመራጩ 85 በመቶ በላይ ወጣ፤ 59.56 በመቶው እምቢ አለ። ሌቬክ በዚያ ምሽት ደጋፊዎቹ እያለቀሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ሽንፈቱን ተቀበለ። አንድም ሰው አልሞተም። በሠለጠነ አገር ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ የመገንጠልን ጥያቄ በደም ስንለካ ለኖርን ለአፍሪካ ቀንድ ሰዎች ግን ተራ አይደለም።

በ1981 ዳግም ተመረጠ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 4 ሌሊት የካናዳ ፌዴራል መንግሥትና ዘጠኙ ክፍለ ሀገሮች ሌቬክ በሌለበት በአዲሱ ሕገ መንግሥት ላይ ተስማሙ። ጠዋት ለቁርስ ሲመጣ ነገሩ አልቆ ጠበቀው። በዚያ ስምምነት ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፤ የክፍለ ሀገር ምክር ቤት አንዳንድ የመብት ድንጋጌዎችን ለአምስት ዓመት ወደ ጎን ትቶ ሕግ ማውጣት ይችላል ይላል። በ1982 የሌቬክ መንግሥት ቅሬታውን ለማሳየት ይህን አንቀጽ በኩቤክ ሕጎች ሁሉ ላይ በጅምላ ለጠፈው። በዚያን ጊዜ የተጎዳ ሰው አልታየም፤ የተቃውሞ ምልክት ብቻ ነበር።

በጁን 2019 ግን የፍራንስዋ ሌጎ መንግሥት ሕግ 21ን ሲያወጣ ይህንኑ አንቀጽ መከታ አደረገ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ዐቃብያነ ሕግና ፖሊሶች በሥራ ላይ ሃይማኖታዊ ምልክት እንዳይለብሱ ተከለከሉ፤ ነባር መምህራን በያዙት የሥራ መደብ እስከቆዩ ድረስ ብቻ ተተዉ። ሌጎ ሌቬክ በመሠረተው ፓርቲ ዘመን የትምህርት ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። ወላጆቿ በፈረንሳይኛቸው ተመርጠው የገቡ፣ እርሷም በሕግ 101 መሠረት በፈረንሳይኛ የተማረች ወጣት፣ የመምህርነት ሥልጠናዋን ጨርሳ በሂጃቧ ምክንያት ከክፍሉ በር ትመለሳለች። ከዚህ ሕግ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 2017፣ በኩቤክ ከተማ መስጂድ ውስጥ ስድስት ሰጋጆች በጥይት ተገድለዋል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የሞጣ መስጂዶች ሲቃጠሉ ያየን ሰዎች ያን ዜና በምን ልብ እንደምናነበው መናገር አያሻም።

ሌቬክ ቢኖር ምን ይል ነበር ብሎ መገመት አይጠቅምም። በሥልጣኑ መጨረሻ፣ ማርች 20 ቀን 1985፣ የኩቤክ ምክር ቤት ነባር ሕዝቦችን በየራሳቸው ብሔርነት እንዲያውቅ ያስወሰነው የእርሱ መንግሥት መሆኑን ግን መመስከር ተገቢ ነው። ጥቂቶች መሆን ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። መሣሪያውንም በጅምላ የተጠቀመበት እርሱ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት አያምሩም። በኢኮኖሚው ውድቀት ጊዜ፣ በ1983 መጀመሪያ፣ መንግሥቱ የሠራተኞቹን ደመወዝ ለሦስት ወር ወደ 20 በመቶ ቆረጠ። መምህራን አድማ ሲመቱ በጥብቅ ሕግ ወደ ክፍል መለሳቸው። በ1959 ከአድመኞች ጎን ሆኖ ፖሊስ የያዘው ሰው ነው ይህን ያደረገው፤ መምህራኑ ይቅር አላሉትም። መምህር ነበርንና እኛም ይህን ገጽ ስናነብ ከእነርሱ ጋር ነን። በ1984 ካናዳ ውስጥ ሆኖ ሌላ መንገድ ለመሞከር ሲወስን የቅርብ ሚኒስትሮቹ ጥለውት ወጡ። ደክሞት ነበር። በጁን 1985 የፓርቲ መሪነቱን፣ በኦክቶበር ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ለቀቀ።

ከዚያ ትዝታውን ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1986 ወጣ። በ1987 ደግሞ ወደ ራዲዮ ተመልሶ በሞንትሪያል ጣቢያ አስተያየት ሰጪ ሆነ። ኖቬምበር 1 ቀን 1987 ምሽት በመኖሪያ ቤቱ በልብ ሕመም ሞተ፤ 65 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው በኩቤክ ከተማ ጥግ ሲልሪ በተባለው ሰፈር ነው።